ግፊትም ኮሌስትሮልም አለ ሲባል፦ ከምን ከምን እንምረጥ?

«ግፊቱን ላስቀድም ወይስ ኮሌስትሮሉን?» ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ፋርማሲዎች መስኮት ላይ የተለመደ ጥያቄ ነው። ሁለት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ ኪሱን ያያል፣ አንዱን ገዝቶ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚገዛው የግፊቱን ነው። ደም ብዛትን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰው ሲጥል አይተናል። ኮሌስትሮሉ ግን «ጮማ ስቀንስ ይወርዳል» ተብሎ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። የሚቀጥለው ወር ደግሞ ፋሲካ ነው።

ከሁለቱ አንዱን መምረጥ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንደ አማራጭ አልቀረበም። ምክንያቱን ወዲያው እናየዋለን። መነጻጸር ያለባቸው ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የት እንደምንለካ፣ ምግብ ብቻ ይበቃ እንደሆነ፣ የትኛው የግፊት ኪኒን ከየትኛው የኮሌስትሮል ኪኒን ጋር እንደሚስማማ፣ በጾም ወቅት መቼ እንደሚዋጥ፣ ክትትሉ የት ቢሆን እንደሚሻል። የሚያዝዘው ሐኪማችሁ ነው። ግን ጥያቄ ይዞ የገባ ታካሚ ባዶ እጁን ከገባው የተሻለ መልስ ይዞ ይወጣል።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን ይፈጠራል?

የልብ ጡንቻ የሚመገበው ከላዩ ላይ በሚያልፉ የራሱ ደም ሥሮች ነው። ቀጫጭን ናቸው። ከመነሻቸው እንኳ የውስጣቸው ስፋት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ውስጣቸውን የሚሸፍነው የአንድ ረድፍ ሕዋስ ውፍረት ያለው ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ጤነኛ ሲሆን ደሙ ሳይያዝ ያልፋል፣ ሥሩም እንደ ሥራው ብዛት ይሰፋል፣ ይጠባል።

ከፍተኛ ግፊት መጀመሪያ የሚጎዳው ይህንን ሽፋን ነው። በተለይ ሥሩ ቅርንጫፍ በሚያወጣበት ቦታ ላይ። ሽፋኑ ሲላላ በደም ውስጥ የሚዞረው መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤል፣ ወደ ግድግዳው ይገባል። እዚያ ይበላሻል። ነጭ የደም ሕዋሳት ሊያጸዱ መጥተው ይውጡታል፤ በስብ ተሞልተው እዚያው ይቀራሉ። በዓመታት ውስጥ ክምር ይሆናል። በላዩም ጠባሳ የመሰለ ስስ ቆብ ያበጃል።

ክረምት ላይ አስፋልት የሚበላሸው እንደዚሁ ነው። ከባድ መኪና ይሰነጥቀዋል፣ ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል። መኪናው ባይኖር ዝናቡ ላይ ላዩን ፈስሶ ይሄድ ነበር። ዝናቡ ባይኖር ስንጥቁ ስንጥቅ እንደሆነ ዓመታት ይቆይ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ግን መስከረም ሳይጠባ ጉድጓድ ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ግፊት የበዛበት ልብ እንደ ማንኛውም ብዙ የሚሠራ ጡንቻ ይወፍራል። የወፈረ ጡንቻ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። አቅራቢዎቹ ሥሮች ግን በዚያው ልክ ጠበዋል። ትልልቆቹ ደም ሥሮችም እየደነደኑ ሲሄዱ ላይኛው የግፊት ቁጥር ይብሱን ይወጣል። ከሁሉ የከፋው የክምሩ ቆብ ሲቀደድ ነው። ሰውነት ቁስል ያገኘ መስሎት ደሙን ያረጋል፤ የረጋው ደም ሥሩን ይደፍነዋል። ሃርት አታክ የምንለው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ደግሞ ሥሩን ያን ያህል ያላጠበበ ክምር ነው። ስለዚህ ዳገት ሲወጣ ምንም የማይሰማው ሰው ድንገት ይወድቃል።

«ኢሲጂ ተነሣሁ፣ ደህና ነህ አሉኝ» የሚል ሰው እዚህ ላይ ቢያዳምጥ ጥሩ ነው። ኢሲጂ በዚያች ደቂቃ የልብን ኤሌክትሪክ ያሳያል። በግድግዳው ውስጥ የተቀመጠውን ክምር አያሳይም።

አንድ ወረቀት እንይ

እንበልና ፒያሳ ሱቅ ያላቸው፣ 54 ዓመት የሞላቸው አንድ ሰው አሉ። ጋሼ እንበላቸው። አያጨሱም፣ ስኳር የለባቸውም። የላብራቶሪ ወረቀታቸው እንዲህ ይላል፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 240፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ኤችዲኤል 38፣ ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ የሚዞር ሌላ ስብ) 185፣ ኤልዲኤል 165። ግፊታቸው 152/94።

ኤልዲኤሉ ከየት መጣ? ብዙ ላብራቶሪዎች በቀጥታ አይለኩትም፤ ያሰሉታል። ትራይግሊሰራይዱን ለ5 ያካፍላሉ፦ 37። ከ240 ላይ 38ና 37 ሲቀነስ 165። እናንተም ወረቀታችሁ ላይ ሞክሩት። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ከበለጠ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ በቀጥታ ማስለካት ያስፈልጋል። ውጭ አገር የተመረመረ ዘመድ 4.3 የሚል ወረቀት ቢያሳያችሁም አትደንግጡ፣ አትቅኑም። መለኪያው ሌላ ነው። በ38.67 ስታባዙት ወደ 166 ይመጣል፤ ከጋሼ ጋር እኩል ነው ማለት ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ለየብቻ ስታዩአቸው አንዳቸውም አያስጮኹም። 152 «ትንሽ ከፍ ያለ» ይባላል። 165ም እንደዚሁ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሁለት «ትንሽ» አንድ ላይ ሲሆኑ ትንሽ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የአደጋ መገመቻ ሰንጠረዦችን በየአካባቢው ከፋፍሎ አውጥቷል፤ ለምሥራቅ አፍሪካ የተዘጋጀም አለ። ዕድሜን፣ ጾታን፣ ሲጋራን፣ ላይኛውን ግፊት፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን አንድ ላይ አስገብቶ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ የመከሰት ዕድልን ይገምታል። የላብራቶሪ ውጤት ለሌለው ሰው በኮሌስትሮል ፋንታ ክብደትና ቁመትን የሚጠቀም ሌላ ሰንጠረዥም አለ። ቀጠሮ ላይ «በሰንጠረዡ የእኔ አደጋ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ«ኮሌስትሮሌ ስንት ነው?» የበለጠ የሚያወራ ጥያቄ ነው።

የት እንለካ፦ ፋርማሲ፣ ጤና ጣቢያ ወይስ ቤት?

ለግፊት እኔ ብጠየቅ ቤት እላለሁ። ከቸርችል ጎዳና ዳገቱን ወጥቶ፣ ላብ ሳይደርቅ፣ ፋርማሲ ውስጥ ቆሞ የተለካ ግፊት የዳገቱን ግፊት ነው የሚነግራችሁ። ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ብቻ የሚወጣባቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው። ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ተለክቶ የተጻፈ ወረቀት ለሐኪሙ ትልቅ ስጦታ ነው።

መሣሪያ ስትመርጡ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ውሰዱ። የእጅ አንጓው ምቹ ይመስላል ግን እጅ ከልብ ከፍታ ትንሽ ሲርቅ ይሳሳታል። ክንዳችሁ ወፍራም ከሆነ ሰፊ ማሰሪያ ጠይቁ፤ የጠበበ ማሰሪያ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከመለካታችሁ በፊት ሽንት ቤት ሂዱ። ቡናው ለ30 ደቂቃ ይቆይ። ጀርባን ደግፎ፣ እግር ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ሁለቴ ለክታችሁ አማካዩን ጻፉ። በክሊኒክ 140/90 የሚባለው መስመር ቤት ውስጥ 135/85 ነው።

ለኮሌስትሮል ምርጫው ቀላል ነው። የጤና ጣቢያም ሆነ የግል ላብራቶሪ ይሁን፣ ዋናው በየጊዜው አንድ ቦታ ማሠራት ነው። ሳይበሉ መሄድ በተለይ ለትራይግሊሰራይዱ ይጠቅማል። አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር። በዐቢይ ጾም መጨረሻ የተሠራ ምርመራና ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ የተሠራ ምርመራ የአንድ ሰው ላይመስሉ ይችላሉ። 55 ቀን ያለ ሥጋና ቅቤ ቆይቶ ወርዶ የተገኘ ኤልዲኤል «ድኛለሁ» አያሰኝም። መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ ከፈለጋችሁ በተመሳሳይ ወቅት አወዳድሩ።

ምግብ ብቻ ወይስ ምግብና ኪኒን?

ሁሉም ሰው የሚመርጠው «መጀመሪያ በምግብ ልሞክር» የሚለውን ነው። መጥፎ ምርጫ አይደለም። ግን ምን ያህል እንደሚያወርድ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ጮማና ቅቤን በደንብ የቀነሰ ሰው ኤልዲኤሉ ከ10 እስከ 15 ከመቶ ቢወርድለት ጥሩ ሠርቷል። የጋሼ 165 ወደ 145 አካባቢ መጣ ማለት ነው። ግፊቱ ላይ ምግብ የተሻለ ጉልበት አለው። ጨው ሲቀንስ ላይኛው ቁጥር 5 ያህል ሊወርድ ይችላል፤ በአንድ ኪሎ ክብደት ደግሞ ወደ 1 ገደማ። ጋሼ ጨዉን ቀንሰው 5 ኪሎ ቢያወርዱ 152ቱ ወደ 142 ሊጠጋ ይችላል። የሚያኮራ ነው። ግን ሁለቱም ቁጥሮች ገና ከመስመሩ በላይ ናቸው።

ስለዚህ የእኔ ንጽጽር እንዲህ ነው። አንዱ ቁጥር ብቻ ትንሽ ከፍ ካለና ሌላ ችግር ከሌለ ለተወሰኑ ወራት በምግብና በእግር ጉዞ መሞከር ያስኬዳል፤ ቀጠሮ ተይዞ። ሁለቱም ከፍ ካሉ፣ ወይም ስኳር፣ የኩላሊት ችግር ወይም ሲጋራ ከተጨመረ፣ ምግቡንና ኪኒኑን አብሮ መጀመር ነው የሚያዋጣው። ኤልዲኤል 190ና ከዚያ በላይ ከሆነማ በምግብ ብቻ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ በዘር የሚወረስ ነው። ወንድም እህትም ይመርመሩ።

ምግብ ሲባል በእኛ ማድቤት ዋናው ጥያቄ ዘይት ነው። ጾመኛ ሰው «እኔ ሥጋ የት አየሁና ኮሌስትሮል?» ይላል። ጠዋት ላይ የዘይቱን ጀሪካን ይመልከት። የአዲስ አበባ ብርድ ነክቶት ነጭ ሆኖ ረግቶ ከተገኘ የፓልም ዘይት ነው። ከአትክልት የተሠራ ስለሆነ ኮሌስትሮል የለውም፤ እውነት ነው። ግን ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ነው፤ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም እንዳያነሣ የሚያደርገው ደግሞ ይህ ዓይነቱ ስብ ነው። በዚያ ዘይት የተጠበሰ ፓስቲና ሳምቡሳ የጾም ምግብ ቢሆንም ለደም ሥር ጾም አይደለም። ኑግ፣ ሱፍና ሰሊጥ የተሻሉ ናቸው፤ በብርድም ፈሳሽ ናቸው። ዋጋቸው እንደሚያም አውቃለሁ። በጀት ካልቻለ ፓልሙን በግማሽ መቀነስም ለውጥ ነው። ቅቤውም ቢሆን ከግማሽ በላዩ ያው ጠጣር ስብ ስለሆነ የተነጠረ መሆኑ አያድነውም።

ጨው ላይ ደግሞ ማንኪያ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። ነገር ግን በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ሚጥሚጣውም፣ ብዙ ጊዜ ሽሮውም። ከዚያ ወጡ ላይ እንደገና ይነሰነሳል። ለቤታችሁ ስታስፈጩ ጨዉን አስቀሩት፤ ወጥ ላይ ብቻ ጨምሩ። እኔ የማውቀው ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው።

ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ተልባ፣ ሽፈራው፣ ከውጭ ዘመድ የሚልከው የዓሣ ዘይትስ? ነጭ ሽንኩርቱንና ተልባውን እንደ ምግብ ብሉ፤ ደስ ይበላችሁ። የዓሣ ዘይት ኤልዲኤልን አይቀንስም። አንዳቸውም የታዘዘ ኪኒን አይተኩም። «እኔ ከተፈጥሮ የመጣ ነው የምፈልገው» ለሚል ሰው ግን አንድ ወሬ አለኝ። ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል ኪኒኖች መጀመሪያ የተገኙት ከሻጋታ ነው። አኪራ ኤንዶ የሚባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጋታዎችን ሲፈትሹ ነው ያገኙት።

የትኛው ከየትኛው ጋር?

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ብዙ የሚነጻጸር ነገር ያለው እዚህ ነው።

ከግፊት ኪኒኖች አምሎዲፒን ብዙ ሰው የሚጀምርበት ነው። ለጥቁር ሰው አካል ብቻውን ሲሰጥ ኢናላፕሪል ከሚባለው ሌላ የግፊት ኪኒን ቤተሰብ የተሻለ ግፊት ያወርዳል። በ2019 የታተመ፣ በስድስት የአፍሪካ አገሮች የተካሄደ ክሪኦል የተባለ ጥናት ነበር፤ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ሦስት የግፊት ኪኒን ጥንዶችን አወዳደረ። አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ ጥንዶች ከሌለበት ጥንድ በለጡ። ጉዳቱ ቁርጭምጭሚት ማሳበጡ ነው። ማታ ካልሲ ሲወልቅ መስመሩ ጠልቆ ይታያል። ኩላሊቴ ተበላሸ ብለው የሚደነግጡ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ነው፤ ለሐኪም ተናግሮ መጠኑን ማስተካከል ወይም ሌላ መጨመር ይቻላል።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ በአጭሩ «ኤችሲቲ»፣ የሚያሸና ኪኒን ነው። ርካሽ ነው፣ ለእኛም በደንብ ይሠራል። ሪህ ላለበት ሰው ግን አይመከርም። ጋሼ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ የሚቆሙ ከሆነና ሽንት ቤት ሩቅ ከሆነ ይህም ይታሰብበት።

ኢናላፕሪል ስኳር ላለበትና ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ለተገኘበት ሰው ይመረጣል። ከአሥር ሰው አንዱን ያህል ደረቅ ሳል ያስይዛል። ሳል መድኃኒት በሳል መድኃኒት ላይ እየገዛ ወራት የሚያሳልፍ ሰው አለ፤ ምክንያቱ የግፊት ኪኒኑ ሆኖ ሳለ። ሎሳርታን ያንኑ ሥራ ያለ ሳል ይሠራል ማለት ይቻላል። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ግን አይፈቀድም። ከንፈር ወይም ፊት ድንገት ካበጠ ኢናላፕሪሉን ትቶ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። እርጉዝ ለሆነች ወይም ለማርገዝ ላሰበች ሴት ሁለቱም ክልክል ናቸው፤ ስታቲንም አብሮ ይቁም።

አቴኖሎል ለግፊት ብቻ ሲሆን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ልቡን ታሞ ለሚያውቅ ሰው ግን ከዚህ ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ቦታ አለው። የጀመራችሁ ካላችሁ በራሳችሁ ድንገት አታቁሙት።

ወደ ስታቲኖች ስንመጣ አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን አሉ። አቶርቫስታቲን 20 ሚሊ ግራም ኤልዲኤልን ከ40 ከመቶ በላይ ይቀንሳል፤ የጋሼ 165 ወደ 95 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መጠኑን እጥፍ ስታደርጉት የሚጨምረው 6 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ሲምቫስታቲን ደካማ ነው። ሌላም ችግር አለበት፤ አምሎዲፒን ከሚወስድ ሰው ጋር ሲሆን ከ20 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ጡንቻ ላይ ጉዳት የማድረስ አደጋው ይጨምራል። ሁለቱን አብራችሁ የምትወስዱ ከሆነ ዛሬውኑ የሲምቫስታቲኑን ሣጥን አገላብጡና ቁጥሩን እዩ። 40 ካለ ለፋርማሲስቱ ወይም ለሐኪሙ ንገሩ። ዋጋው የማይጎዳችሁ ከሆነ ለአምሎዲፒን የተሻለው ጓደኛ አቶርቫስታቲን ነው።

«ስታቲን ጡንቻ ያሳምማል፣ ጉበት ይጨርሳል» የሚለውስ? ጡንቻን በእውነት የሚጎዳበት ሰው አለ፤ ጥቂት ነው። በ2020 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት በሕመም ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎችን ወስዶ አንድ ወር ስታቲን፣ አንድ ወር ባዶ ኪኒን፣ አንድ ወር ምንም ሳይሰጥ አፈራረቀባቸው። ከሚሰማቸው ሕመም 90 ከመቶው ባዶውን ኪኒን ሲወስዱም ነበር። ሕመሙ የውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ሰውየው ታሟል፤ ግን በኪኒኑ ላይሆን ይችላል። ጡንቻ በጣም ከታመመና ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ግን መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ሐኪም ነው።

እና አንዱን ብቻ መግዛት የሚለው ለምን እንደማያዋጣ ማስረጃው ይኸውላችሁ። በ2003 የታተመው አስኮት የተባለ ጥናት ግፊት ያለባቸውን፣ ኮሌስትሮላቸው ግን በጣም ያልከፋ 10,305 ሰዎችን ይዞ ነበር። ግፊታቸው እየታከመ ግማሾቹ በላዩ ላይ አቶርቫስታቲን 10 ሚሊ ግራም ተጨመረላቸው። 5 ዓመት እንዲቆይ የታሰበው ጥናት በ3.3 ዓመት ቆመ፤ ሃርት አታክና በልብ ሥር ሕመም መሞት በ36 ከመቶ ስለቀነሰ። በ2016 የወጣው ሆፕ-3 ደግሞ የልብ ሕመም በሌለባቸው 12,705 ሰዎች ላይ ተሠራ። የግፊቱ ኪኒን የጠቀመው ከመጀመሪያውም ግፊታቸው ከፍ ያሉትን ነበር። ስታቲኑ ግን ግፊታቸው ምንም ይሁን ምን ጠቅሟል።

አንድ ኪኒን ወይስ ሁለት?

አምሎዲፒንና አቶርቫስታቲን በአንድ ኪኒን ውስጥ ተዋህደው ይሠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶችን በአንድ የያዙ ኪኒኖችን በ2023 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። ጥቅሙ አንዱን መርጦ መተው አለመቻሉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ አንዱን ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልግ ማስቸገሩ ነው፤ ከገበያ ሲጠፋም ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። እኔ መጠኑ እስኪረጋጋ ሁለቱን ለየብቻ፣ ከተረጋጋ በኋላ የተዋሃደው በአስተማማኝ ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ።

በጾም ወቅት መቼ ይዋጥ?

ዐቢይ ጾም ሲገባ ጠዋት የሚዋጥ ኪኒን እስከ 9 ሰዓት ይጠብቃል፤ ብዙውም ይረሳል። ረመዳን ላይም ተመሳሳይ ነው። መፍትሔው ሰዓቱን መቀየር ነው። አምሎዲፒን በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ማታ ቢዋጥ ምንም አይጎድልበትም። አቶርቫስታቲንም በማንኛውም ሰዓት ይሆናል። ሲምቫስታቲን በተለይ ማታ ይሻላል። በእንግሊዝ ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2022 የታተመ ጥናት የግፊት ኪኒንን ጠዋት ወይም ማታ መውሰድ በልብ ላይ ልዩነት እንዳላመጣ አሳይቷል። ኤችሲቲ ብቻ ማታ ከተዋጠ ሌሊቱን ስትመላለሱ ታድራላችሁ። በቀን ሁለቴ ኢናላፕሪል የሚወስድ ጾመኛ ሐኪሙን በቀን አንዴ የሚበቃ ይጠይቅ። ጠበል የሚጠመቅም ኪኒኑን አያቁም፤ ጠበሉና ኪኒኑ አይጣሉም።

ክትትሉ የት ይሁን?

ልብ ሥር ላይ ችግር ያልታየበት ሰው ጥቁር አንበሳ ወይም ዘውዲቱ ተሰልፎ ልዩ ሐኪም መጠበቅ አያስፈልገውም። ጤና ጣቢያ ይበቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው መነሻውም እዚያው ነው፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጻፋል። የግል ክሊኒክ ይፈጥናል፤ ግን በየጉብኝቱ ሌላ ሐኪም፣ በየጉብኝቱ ሌላ ኪኒን ከሆነ ፍጥነቱ አይጠቅምም። መድኃኒት ስትፈልጉ ከነማንና ቀይ መስቀልን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በየወሩ ለሚገዛ ነገር የዋጋ ልዩነት ይደማመራል። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ ዳር የገባችሁ ደግሞ ካርዳችሁ ያለው በድሮው ጤና ጣቢያ ነው። ለአንድ ፊርማ ሁለት ታክሲ ከመያዝ የሕክምና ማጠቃለያ አጽፋችሁ አዲሱ ሰፈር ብታዞሩት ይሻላል።

ደረት ጨምድዶ ሲይዝ፣ ሕመሙ ወደ መንጋጋና ግራ እጅ ሲሄድ፣ ላብ ሲያጠምቅ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር ግን ንጽጽር የለም። 907 ወይም 939 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ራሳችሁ አትንዱ። ልባችሁ ታሞ የማያውቅ ከሆነ «ደም ያቀጥናል» ብላችሁ በየቀኑ አስፕሪን በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ጨጓራ ያደማል። ለወገብ ሕመም የምትገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ።

ጋሼ አምሎዲፒን 5ና አቶርቫስታቲን 20 ቢጀመርላቸው፣ ግፊቱ በአንድ ወር ገደማ ይታያል፤ ኮሌስትሮሉ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይመረመራል። ግፊቱ ከ140/90 በታች፣ ከተስማማቸው 130 አካባቢ ይፈለጋል። ኤልዲኤሉ ከ100 በታች፤ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ቢኖርባቸው ኖሮ ከ70 በታች። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሲመጣ «ድኛለሁ፣ ላቁም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ቁጥሩን ያወረደው ኪኒኑ ነው፤ ሲያቆሙት ተመልሶ ይወጣል።